የሙሴ እናት ደመወዝ

የዘመድ ልጅ የሚያሳድጉ ቤተሰቦችን በገንዘብ ስለ መደገፍ
(በሬዲዮ ከተላለፈ ትምህርት ለንባብ ተስተካክሎ የቀረበ)

ዛሬ የምንነጋገረው በብዙዎቻችን ቤት ስላለ፣ ከመድረክ ግን እምብዛም ስለማይሰበክ ጉዳይ ነው። ከእናትና ከአባታቸው ቤት ውጭ፣ በአያት፣ በአክስት፣ በአጎት ወይም በታላቅ እህት እጅ የሚያድጉ ልጆች አሉ። ስለ ልጆቹ እንጸልያለን፣ ደግም እናደርጋለን። ዛሬ ግን ስለ አሳዳጊዎቹ ኪስ እንነጋገር። አዎ፣ ስለ ኪስ!

እስቲ መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ዘጸአት ምዕራፍ 2 ላይ ክፈቱ። ታሪኩን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ሕፃኑ ሙሴ በሣጥን ሆኖ ወንዝ ዳር ተቀመጠ፤ የፈርዖን ልጅ አገኘችው፤ እህቱ ሮጣ የምታጠባው ሴት ልጥራልሽ አለቻት፤ የተጠራችውም የገዛ እናቱ ሆነች። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም እንሰብካለን። ቁጥር 9 ላይ ስንደርስ ግን ቶሎ እናልፈዋለን። እዚያ ላይ የፈርዖን ልጅ ሕፃኑን እንድታሳድግላት ለሴቲቱ ስትሰጣት ደመወዟንም እንደምትከፍላት ነገረቻት።

ልብ በሉ! ዮካብድ እናት ናት። አንድ ሳንቲም ባይከፈላትም ልጇን ታጠባው ነበር። ግን ተከፈላት። ለምን? የምታጠባ ሴት መብላት አለባት። ልጅ ያለበት ቤት እህል፣ እንጨት፣ ልብስ ይፈልጋል። ይህ እግዚአብሔርን ለማታውቀው ልዕልት ገባት። እኛ በየእሁዱ እጃችንን የምናነሣ አማኞች እንዴት ይጠፋናል?

የዛሬው ትምህርታችን በአጭሩ ይህ ነው፦ የዘመድ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ፍቅሩን ይስጥ፣ ወጪውን ግን ዘመድና ቤተ ክርስቲያን አብረውት ይሸከሙ። ይህም አንድ ቀን ተደርጎ የሚረሳ ምጽዋት ሳይሆን በየወሩ የሚደርስ፣ በደብተር የተጻፈ ድጋፍ ይሁን።

1. ልጆቹ እነማን ናቸው?

ሩቅ አንሂድ፤ ወላይታን እንይ። አንዳንዱ ልጅ አባቱም እናቱም ሞተውበታል። የአንዳንዷ አባት ሞቶ እናቷ ሌላ ባል አገባች፤ አዲሱ ባል “ልጅቷን አልፈልግም” ስላለ ከአያቷ ዘንድ ቀረች። የሌላው እናት ዓረብ አገር ናት፤ አባቱ ደግሞ በደቡብ አፍሪካ ወይም በአዲስ አበባ ሥራ ፍለጋ ላይ ነው። ከገጠር ቀበሌ ወደ ሶዶ መጥቶ በአጎቱ ቤት ሆኖ የሚማርም አለ። ምክንያቱ ይለያያል። በሁሉም ቤት ግን አንድ ሰው ያላሰበው አፍ ተጨምሮበታል፤ የእርሻው መሬት ደግሞ አልሰፋም።

የወላይታ መሬት ጠባብ፣ ሕዝቡ ብዙ መሆኑን ታውቃላችሁ። በልግ ዘግይቶ፣ ስኳር ድንቹ አልቆ፣ እንሰቱ ገና ሳይደርስ ያሉትን ሳምንታትም ታውቃላችሁ። በዚያን ጊዜ አራት የልጅ ልጆችን የምታሳድግ አያት ቤት ምን ይሆናል? መጀመሪያ እርሷ እራቷን ትተዋለች። ቀጥሎ የሳሙናና የደብተር ገንዘብ ይቀራል። ከዚያ ትልቁ ልጅ ትምህርቱን ያቋርጣል። በመጨረሻም ደላላ ይመጣና “አዲስ አበባ ወስጄ አስተምርልሻለሁ” ይላታል።

አዲስ አበባ የሄዳችሁ፣ የሊስትሮ ሣጥን ይዞ መንገድ ዳር ከተቀመጠው ልጅ ጋር፣ ሎተሪ ከሚያዞረው ልጅ ጋር እስቲ በወላይትኛ አውሩት። ስንቱ በራሱ ቋንቋ ይመልስላችኋል! ያ ልጅ ከሶዶ ወይም ከቦዲቲ መናኸሪያ አውቶቡስ የተሳፈረው ዘመድ አጥቶ ነው ብላችሁ አታስቡ። ዘመድ ነበረው፤ ዘመዱ ግን ብቻውን ነበር። ከዚያች አያት ጋር ወጪውን የተካፈለ ሰው ቢኖር ስንቱ ልጅ ዛሬ ክፍል ውስጥ በተቀመጠ ነበር!

2. ቃሉ ምን ያስተምረናል?

መጽሐፍ ቅዱስ በዘመድ እጅ ስላደጉ ልጆች ብዙ ይናገራል። አስቴር አባትና እናት አልነበሯትም፤ ያሳደጋት የአጎቷ ልጅ መርዶክዮስ ነው (አስቴር 2፥7)። ካሳደጋት በኋላም አልተዋትም፤ ቤተ መንግሥት ከገባች በኋላ በየቀኑ በግቢው ፊት እየተመላለሰ ደኅንነቷን ይጠይቅ ነበር (2፥11)። እኛ ሰውን ለመስደብ “አያት ያሳደገው” እንላለን። ጢሞቴዎስን ግን ተመልከቱ! ጳውሎስ ስለ እምነቱ ሲናገር የአያቱን የሎይድን ስም ከእናቱ ስም በፊት ያነሣል (2ኛ ጢሞ. 1፥5)። በአያት ቤት ነቢይም መጋቢም ሊያድግ ይችላል።

ገንዘቡስ? ሉቃስ 10ን ተመልከቱ። ደጉ ሳምራዊ ቁስለኛውን እንግዶች ማደሪያ ካስገባ በኋላ መንገደኛ ስለሆነ መሄድ ነበረበት። ሲሄድ ግን ለቤቱ ጠባቂ ሁለት ዲናር ሰጠው፤ ከዚያ በላይ ብታወጣ ስመለስ እከፍልሃለሁም አለው። አያችሁ? አንዱ በቅርብ ሆኖ ይጠብቃል፤ ሌላው በሩቅ ሆኖ ወጪውን ይሸፍናል። ዱባይ ያለሽ እህቴ፣ ጆሃንስበርግ ያለህ ወንድሜ፣ አንተ ሶዶ ላይ ሱቅ ያለህ፣ አንቺ ደመወዝተኛዋ፣ ቁስለኛውን ራሳችሁ ማስታመም ባትችሉ ሁለቱን ዲናር መላክ ትችላላችሁ። አሁን ደግሞ በቴሌብር የደቂቃ ሥራ ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው የመጀመሪያው መልእክት ምዕራፍ 5 ላይ ቅደም ተከተሉን አስተካክሎልናል። ለቤተሰቡ የማያስብ ሰው እምነቱን እንደ ካደ ይቆጠራል፤ ከማያምንም ይከፋል (ቁ. 8)። ዘመድ ያላትን ዘመዷ ይርዳት፤ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ረዳት የሌላትን ትርዳ (ቁ. 16)። ስለዚህ ሸክሙ በመጀመሪያ የዘመድ፣ ቀጥሎ የጉባኤው ነው። “ቤተ ክርስቲያን ትርዳቸው” ብሎ ዘመድ ዘወር ማለት የለበትም። “ዘመድ አላቸው” ብላ ቤተ ክርስቲያንም ዝም ማለት የለባትም፤ የዘመዱን አቅም ገብታ ማየት ይገባታል።

3. ከራሳችን ታሪክ

የወላይታ ወንጌል አማኞች ይህን ከአባቶቻችን መማር እንችላለን። ወንጌላውያን ሚስዮናውያን ሶዶ የገቡት በ1920 ዓ.ም. ነው። በ1929 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ጊዜ እንዲወጡ ሲገደዱ የተጠመቁት አማኞች ሃምሳ እንኳ አይሞሉም ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲመለሱ ያገኙት ግን ወደ አሥር ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ነው። አባቶች ታስረዋል፣ ተገርፈዋል። ምእመናኑ ግን እርስ በርስ ተያይዘው፣ ለታሰሩት ስንቅ እየወሰዱ አለፉት። በዚያ ዘመን ፕሮጀክት የለም፣ ስፖንሰር የለም፣ ከውጭ የሚላክ ገንዘብም የለም። ያላቸውን ተካፈሉ፤ ጎረቤትም ይህን አይቶ ወደ ጌታ መጣ።

ሌላም ታሪክ አለን፤ ያማል፣ ግን እናንሣው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከዚሁ ከወላይታ ብዙ ሕፃናት በጉዲፈቻ ወደ ውጭ አገር ሄደዋል። ከመካከላቸው እናት ወይም አያት በሕይወት እያለች “ማሳደግ አልችልም” ተብሎ የተሰጡ ነበሩ። በጥር 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ጉዲፈቻን በሕግ አስቀረ። እንግዲህ በሩ ተዘግቷል፤ ልጆቹ እዚሁ ናቸው። ጥያቄው ወደ እኛ ተመልሷል፦ ልጁን ከቤቱ ለማውጣት ስንትና ስንት ወጪ ይወጣ ከነበረ፣ በቤቱ ለማኖር የሚበቃውን ትንሽ ገንዘብ ማን ይስጥ?

4. መንግሥትና ሕጉስ ምን ይላሉ?

አንዳንድ ቅዱሳን “ይህ የመንግሥት ሥራ ነው” ይላሉ። የመንግሥት ድርሻ በእርግጥ አለ፤ ልናውቀውና ልንጠቀምበት ይገባል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ወላጅ ላጡ ልጆች መንግሥት ልዩ ጥበቃ እንዲያደርግ ይደነግጋል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔትም አቅም ያለውን በማኅበረሰብ ሥራ፣ መሥራት የማይችሉትን አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ደግሞ ያለ ሥራ በቀጥታ ድጋፍ ይረዳል። ድጋፉ የሚሰላው በቤተሰቡ አባላት ቁጥር ነው። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ! የልጅ ልጇ በቤቷ እያደገ በመዝገቡ ላይ ግን ያልሰፈረ ከሆነ አያቲቱ ልጁን ትመግበዋለች እንጂ ስለ እርሱ የሚደርሳት የለም። በጤና መድህኑም ልጁ በማን ስም እንደሚመዘገብ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል፤ ሲታመም ደርሶ መሯሯጥ አይጠቅምም።

የልደት ምዝገባም አለ። ከ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ልደትና ሞት በቀበሌ ይመዘገባሉ። የልጁ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ወላጁ ሞቶ ከሆነም የሞት ምስክር ወረቀት በአሳዳጊው እጅ ይኑር። ወረቀት የሌለው ልጅ በየቢሮው እንግዳ ነው።

ወላጅ በሕይወት ካለስ? የቤተሰብ ሕጋችን ወላጅ ለልጁ ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ይናገራል። ልጁን እናቱ ዘንድ ጥሎ ሌላ ትዳር የመሠረተ ሰው ግዴታው አልቀረለትም። በሽምግልና መምከር ይቅደም፤ እንቢ ካለ ግን ፍርድ ቤት ክፍት ነው። ሽማግሌዎች ሆይ፣ አያቲቱን “ተይው፣ ልጅሽ ነው” ብላችሁ ዝም አታሰኟት።

ሌሎች አገሮችም ይህን ሸክም አይተውታል። በጎረቤታችን በኬንያ ወላጅ የሌላቸውንና ለችግር የተጋለጡ ልጆችን ለሚያሳድጉ ቤቶች መንግሥት ገንዘብ መስጠት የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 ነው። ወንድሞቻችን ለሥራ በሚሄዱባት በደቡብ አፍሪካም ወላጅ የሞተበትን ልጅ የሚያሳድግ ዘመድ የልጅ ድጎማ ያገኛል። ወደ አገራችን ስንመለስ ደግሞ ሴፍቲኔት ሁሉንም ቤት አይደርስም። በማይደርስበት ቤት ደጃፍ ላይ ማን ይቁም? ወገኖቼ፣ እኛ ነን።

5. ታዲያ ምን እናድርግ?

ሀ. ዘመዶች ተሰብሰቡ። ልቅሶ ላይ ሁላችን አለን፤ ድንኳን እንተክላለን፣ እናለቅሳለን፣ እናስተዛዝናለን። በሦስተኛው ቀን ልጆቹ “ከአክስታቸው ጋር ይሁኑ” ይባልና ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። እንዲህ አይሁን! ድንኳኑ ሳይነሣ፣ “ልጆቹ ከማን ጋር ይሁኑ?” ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ “ማን በየወሩ ስንት ይሰጣል?” የሚለው ይጠየቅ። ስም ከነብሩ ይጻፍ፤ አንድ ሰው ሰብሳቢ ይሁን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ አይደል የሚባለው?

እንደማንችል አታስመስሉ። ለግፋታ በሬ ጎረቤታሞች ዓመቱን ሙሉ እያጠራቀሙ ይገዛሉ፤ እናቶች ቅቤ ያጠራቅማሉ። ማጠራቀም እናውቅበታለን ማለት ነው! እንግዲያው ለዓመት በዓል ሥጋ የሠራ ጥበብ ለልጅ ደብተር ለምን አይሠራም? ደግሞም በመስከረም ሁሉም ወደ አገር ቤት ይገባል። ያኔ ስለ እነዚያ ልጆች ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ።

ለ. ልጃችሁን ዘመድ ዘንድ ያስቀመጣችሁ ወላጆች፣ በመጀመሪያ ለምታሳድግላችሁ ሰው ላኩ። አንዳንዱ ከውጭ ለቤት መሥሪያ ይልካል፤ ብሎኬቱ ይደረደራል፣ ቆርቆሮው ይመታል። ልጁ ግን በአያቱ ቤት በባዶ እግሩ ነው። ቤቱ ሲያልቅ ልጁ አድጎ ይሆናል። ደግሞም ሁልጊዜ ገንዘቡን ለወንድማችሁ ልካችሁ “ለእማዬ ስጣት” አትበሉ፤ ከተቻለ ቀጥታ በእጇ ይግባ።

ሐ. አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ይኑራት። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ላይ መበለቶች በዕለታዊው እደላ ሲረሱ ሐዋርያት “እንጸልይላቸው” ብለው ብቻ አልቀሩም፤ ሰባት የተመሰከረላቸው ሰዎች አስመረጡ። በጉባኤያችን ስንት እናቶች የዘመድ ልጅ እንደሚያሳድጉ ዲያቆናት ያውቃሉ? ይቁጠሩ። ሃያ ቤተሰቦች በየወሩ መቶ መቶ ብር ቢያወጡ ሁለት ሺህ ብር ነው፤ በዓመት ሃያ አራት ሺህ። ለሳውንድ ሲስተም ከዚህ በላይ አዋጥተን እናውቃለን። ብር የሌለው በቆሎ ያምጣ፤ እርሱም የሌለው ለአያቲቱ አንድ ቀን እንጨት ይፍለጥላት፣ መሬቷን ይቆፍርላት። ክረምቱ ሲወጣ፣ ምዝገባ ሳይጀመር፣ ደብተርና ዩኒፎርም ይዘጋጅ። ጥቅምት ላይ የሚደርስ ደብተር ልጁ ከተባረረ በኋላ የደረሰ ነው።

6. የምንጠነቀቅባቸው አራት ነገሮች

የመጀመሪያው አድልዎ ነው። ለአንዱ ልጅ ብቻ ጫማ ተገዝቶ የአክስቱ ልጆች በባዶ እግራቸው ቢቀሩ በዚያ ቤት ቅናት ዘራን ማለት ነው። ስለዚህ የትምህርቱን ወጪ ለልጁ፣ የእህሉን ግን ለማሰሮው ስጡ፤ ከማሰሮው ሁሉም ይበላሉ። አሳዳጊዎችም በበኩላችሁ የራሳችሁን ልጅ ትምህርት ቤት፣ የዘመዱን ልጅ ውሃ አትላኩ። “እኔ ነኝ ያሳደግኩህ” እያላችሁ እንጀራውን አታስቆጥሩት።

ሁለተኛው መሬት ነው። አባት ሞቶ ልጆች ሲቀሩ ማሳውን “አሳድጋቸዋለሁና” ብሎ ወደ ራሱ ድንበር የሚቀላቅል ዘመድ አለ። ምሳሌ 23፥10-11 ወደ ድሀ አደጎች እርሻ እንዳንገባ ያስጠነቅቃል፤ የሚሟገትላቸው ኃያል ነውና። አሳዳጊ ማሳውን አርሶ ልጆቹን ይመግብ፤ የይዞታ ማረጋገጫው ግን የልጆቹን መብት እንደ ጠበቀ ይቆይ። የሞግዚትነት ማስረጃም በፍርድ ቤት ይውጣ። የጎደለውን ወጪ እኛ ከሸፈንን መሬታቸውን ለመሸጥ ምክንያት አይኖርም።

ሦስተኛው ክትትል ማጣት ነው። ገንዘቡ እየመጣ ልጅቷ የቤት ሠራተኛ ሆና ብትቀርስ? መርዶክዮስን አስታውሱ፤ በየቀኑ ይጠይቅ ነበር። ሁለት እህቶች በወር አንድ ጊዜ ቤቱን ይጎብኙ፤ ደብተሯን ገልጠው ይዩ፤ ልጅቷንም ለብቻዋ ያነጋግሯት። አሳዳጊዋን ለመክሰስ ብለው አይሂዱ፤ ሲደክማት የሚያግዛት ሰው እንዳለ ታውቅ ዘንድ ይሂዱ።

አራተኛው ማሳፈር ነው። አያቲቱን መድረክ ላይ አቁመን፣ ፎቶ አንሥተን፣ አጨብጭበን አምስት ኪሎ ዱቄት አንስጣት። ጌታ ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ የማለቱን ትርጉም እናውቃለን። በጓሮ በር ይግባ፤ በየወሩ ግን ይግባ።

7. ለአሳዳጊዎች አንድ ቃል

ይህን የምታነቢ እናቴ፣ በእርጅናሽ እንደገና ልጅ ያዘልሽ፣ እግዚአብሔር አይቶሻል። እርዳታ መጠየቅ እምነት ማጣት አይደለም። ዮካብድ ደመወዟን ተቀብላለች፤ ማንም “ለገዛ ልጅሽ እንዴት ትቀበያለሽ?” ብሎ የነቀፋት የለም። ለዲያቆናት ተናገሪ፤ ወንድሞችሽን ሰብስቢ። ደላላ ደጅሽ ከመምጣቱ በፊት ወደ ጉባኤው ነይ።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ እኛ ሁላችን በሰው ቤት የተወሰድን ልጆች ነበርን። እግዚአብሔር በኢየሱስ ክርስቶስ የልጅነትን መንፈስ ሰጥቶ ወደ ቤቱ አስገብቶናል (ሮሜ 8፥15)። ያስገባንም በባዶ ቃል አይደለም፤ ዋጋ ከፍሎ ነው። ይህን አባት ገና ካላወቅኸው ዛሬ ልብህን ስጠው፤ በሩ ክፍት ነው። ካወቅኸው ደግሞ ይህን ወረቀት ከማጠፍህ በፊት የአንድ አሳዳጊ ስም በጀርባው ጻፍ፤ ከስሙም አጠገብ በየወሩ የምትሰጠውን።

እንጸልይ፦ አባት ሆይ፣ የድሀ አደጎች አባት ነህ። በወላይታ ምድር የልጅ ልጆቻቸውን አቅፈው የሚያድሩትን እናቶች አስብ። በማሰሯቸው በረከት፣ በጉልበታቸው ኃይል ስጥ። እኛንም ከቃል ወደ ሥራ አውጣን፤ እጃችንን ለመስጠት ክፈት። በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።